አልኮል የሌለው ባለ ጋዝ የፍራፍሬ መጠጥ በቤት ውስጥ፦ ለሕሙማንና ለቤተሰብ

ሞክቴል የሚባለው አልኮል ሳይገባበት ከፍራፍሬ ጭማቂና ጋዝ ካለው ውሃ የሚቀየጥ መጠጥ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች በውድ ዋጋ ይሸጣል። በቤት ውስጥ ግን አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ፣ አንድ ሎሚና በወቅቱ የተገኘ ፍሬ ካለ በ10 ደቂቃ ይዘጋጃል። ይህ ጽሑፍ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ዙሪያ በሚገኙ ነገሮች እንዴት እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚጠቅምና ማን መጠንቀቅ እንዳለበት ያብራራል።

በአጭሩ

• አልኮል ለተከለከለ ሰው ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ «ትንሽ ብቻ» ተብሎም አይሰጥም።
• አንድ እጅ ጭማቂ ለሦስት እጅ አምቦ ውሃ ጥሩ መጠን ነው። ስኳር መጨመር አያስፈልግም።
• በሰቆጣ ከፍታ ላይ ውሃ መፍላት ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ።
• ያደረ ብርዝ አልኮል ሊኖረው ይችላል።
• ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር በምንም መልክ አይሰጥም።
• ይህ መጠጥ መድኃኒት አይደለም፤ ለተቅማጥም ኦአርኤስን አይተካም።

ለምን ያስፈልጋል?

በአገራችን ግብዣ ላይ ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው አይታለፍም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ ብርጭቆው ይሞላል። እንግዳው «አልጠጣም» ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ለምን?» ነው። ይህ ጥያቄ ለታማሚ ከባድ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ወጣት፣ የጉበት ቫይረስ የተገኘባት እናት ወይም እርግዝናዋን ገና ያልተናገረች ሴት ምክንያቷን በሰው ፊት መግለጽ ላትፈልግ ትችላለች። ብዙ ሰው ከማብራራት መጠጣቱ ይቀለዋል፤ ወይም መጠጡን ላለመተው ሲል የዚያን ቀን መድኃኒቱን ሳይወስድ ይቀራል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

በእጅ የተያዘ፣ የሚያምር፣ አረፋ ያለው ብርጭቆ ጥያቄውን ያስቀረዋል። ታማሚው ከሰው ጋር ይቀመጣል፤ ሕመሙም የራሱ ምስጢር ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ድግስ የሚያዘጋጁ ከሆነ ይህን መጠጥ «ለታመመው» ብለው ለብቻ አያቅርቡት። ከጠላው ጎን ለሁሉም ያስቀምጡት፤ የፈለገ ያንሳ።

አልኮል ጨርሶ መውሰድ የሌለባቸው እነማን ናቸው?

• ነፍሰ ጡር እናቶች። በእርግዝና ጊዜ ለጽንሱ ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም። ጠላም አልኮል ነው።

• የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ። ኢሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። አልኮል ሲታከልበት አደጋው ይጨምራል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ስለሚፈጅ በመካከሉ በዓላት መምጣታቸው አይቀርም፤ አስቀድመው ይዘጋጁ።

• ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል የሚወስዱ። እነዚህ ለአሜባና ለጃርዲያ በብዛት ይታዘዛሉ። ከአልኮል ጋር ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የፊት መቅላትና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትሉ ይችላሉ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም 3 ቀን መታገስ ይሻላል።

• የጉበት ሕመም ያለባቸው። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ላለበት ሰው አልኮል የጉበቱን መጎዳት ያፋጥናል።

• ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ታማሚዎች። በተለይ ምግብ ሳይበሉ ከጠጡ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። መንገዳገዱና ግራ መጋባቱ ስካር ስለሚመስል አጠገባቸው ያለ ሰው «ሰክሯል» ብሎ ሊተዋቸው ይችላል፤ ይህ ሕይወት ያሳጣል።

• የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ። ፌኖባርቢታል ከአልኮል ጋር ከባድ ድብታና የትንፋሽ መዳከም ሊያመጣ ይችላል።

ጋዙ ከየት ይምጣ?

በጣም ቀላሉ መንገድ ታሽጎ የተገዛ ውሃ ነው። አምቦ ውሃ በምዕራብ ሸዋ ከአምቦ ከተማ አካባቢ የሚወጣ፣ በተፈጥሮው ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ነው። ስኳር የለውም። ሌሎች ፋብሪካ ጋዝ የጨመረባቸው ውሃዎችም ያገለግላሉ። ሲገዙ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን ይመልከቱ።

እንደ ውሃ ነጭ ሆነው የሚታዩ ለስላሳ መጠጦች ግን ውሃ አይደሉም። ቀለም ስለሌላቸው ብቻ ስኳር የላቸውም ማለት አይደለም።

የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ግን አይሞክሩ።

1. እርሾ ጨምሮ ማቆየት። እርሾ ጋዝ የሚያወጣው ስኳሩን እየበላ ነው፤ አብሮም አልኮል ይሠራል። በእርሾ የሚዘጋጅ ቀሪቦ አልኮል የለውም ቢባልም፣ ሲቆይ ጥቂት አልኮል ሊኖረው ይችላል። አልኮል ጨርሶ ለተከለከለ ሰው አይመከርም።

2. ቤኪንግ ሶዳ ከሎሚ ጋር መቀላቀል። አረፋ ይወጣል፤ ነገር ግን ቤኪንግ ሶዳ ብዙ ሶዲየም አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ከ1 ግራም በላይ ሶዲየም ይይዛል። ለደም ግፊት፣ ለልብና ለኩላሊት ታማሚ ይህ ቀላል አይደለም።

3. ጭማቂ ወይም ብርዝ በጠርሙስ ከድኖ ማቆየት። ውስጡ ሲፈላ ጠርሙሱ ሊፈነዳና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

በአጭሩ፣ ጋዙ ከታሸገው ጠርሙስ ይምጣ እንጂ ከማሰሮው አይምጣ። አምቦ ካልተገኘ መጠጡን በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይሥሩት። አረፋው ይቀራል እንጂ ጥቅሙ አይጎድልም።

ውሃውና ንጽሕናው

ፍሬውን የሚያጥቡበት፣ ማሩን የሚያቀልጡበትና ብርጭቆውን የሚያለቀልቁበት ውሃ ንጹሕ ካልሆነ መጠጡ የተቅማጥ ምክንያት ይሆናል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው በደጋ ውሃ ከተፍለቀለቀ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ የሚመከረው። ማገዶ ካጠረ እንደ «ውሃ አጋር» ያለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። የታከመውን ውሃ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ እጅ ወይም ጣሳ ከመንከር ይልቅ አዘንብለው ይቅዱ።

በረዶ የሚሠራውም ከውሃ ነው። ከምን ውሃ እንደተሠራ ካላወቁ አይጨምሩበት። ማቀዝቀዣ ከሌለ የታሸገውን ጠርሙስ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ያቁሙት። ጨርቁ ሲደርቅ ጠርሙሱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ውሃ ጋዙን የበለጠ ስለሚይዝ አረፋውም ቶሎ አይጠፋም።

ስኳሩን እንዴት ይለኩታል?

አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ይህ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የተጨመረ ስኳር፣ ማርና የጭማቂ ስኳር በድምሩ በቀን ከ50 ግራም በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ 25 ግራም አካባቢ እንዲወርድ ይመክራል። አንድ ለስላሳ ብቻውን ዝቅተኛውን ልክ ያልፋል።

በአንጻሩ ሩብ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ (60 ሚሊ ሊትር) በሦስት ሩብ ብርጭቆ አምቦ (180 ሚሊ ሊትር) ሲቀየጥ ስኳሩ 5 ግራም ገደማ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ይበልጣል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው መጠኑ ነው። ጭማቂው ግማሽ ብርጭቆ ከሆነ ስኳሩም እጥፍ ይሆናል። «የፍራፍሬ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ለስኳር ታማሚ አይሠራም። ፍሬው ሲጨመቅና ሲጠለል ስኳሩን የሚያዘገየው ቃጫ ስለሚቀር፣ ሙሉውን ፍሬ መብላት ከመጠጣት ይሻላል። ማርም ስኳር ነው። የዋግ ማር ንጹሕና ጣፋጭ ቢሆንም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

አዘገጃጀት

ለሁሉም የሚሠራ ደንብ አለ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ፍሬውን ሳይቆርጡት በንጹሕ ውሃ ይጠቡት። ጭማቂውን መጀመሪያ፣ አምቦውን መጨረሻ ላይ በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ አድርገው ይጨምሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ያማስሉ፤ ሲበዛ ጋዙ ይጠፋል። እያንዳንዱ አዘገጃጀት ለአንድ ብርጭቆ ነው።

1. በለስ በሎሚ

የቁልቋል ፍሬ የሆነው በለስ በክረምት ይደርሳል። ነሐሴ 16 ቀን ለሚጀምረው ለሻደይ በዓል ልጃገረዶች ሲሰባሰቡ ለማቅረብ ይመቻል።

• የበሰለ በለስ፦ 2
• የግማሽ ሎሚ ጭማቂ
• አምቦ ውሃ፦ ሦስት ሩብ ብርጭቆ

ጥቃቅን እሾሁ እንዳይወጋዎት ፍሬውን በመቆንጠጫ ይያዙ። በሣር ወይም በቅጠል ጠርገው ይጠቡት። ሁለቱን ጫፍ ቆርጠው፣ ቆዳውን በቁመቱ ሰንጥቀው ይላጡት። ሥጋውን ፈጭተው በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወንፊት ይጠልሉት። ፍሬዎቹን መጥለል ያስፈልጋል፤ የበለስ ፍሬ በብዛት ሲበላ አንጀት ውስጥ ተከማችቶ ከባድ የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ በተለይ በልጆች ላይ። በለስ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ሌላ ማጣፈጫ አይፈልግም።

እሾሁ ቆዳ ላይ ከቀረ አይሹት፤ በምላስም አያውጡት። በወረንጦ ይንቀሉት ወይም ፕላስተር ለጥፈው ይሳቡት። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ቀይ በለስ የበላ ወይም የጠጣ ሰው ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ሽንትም ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይቀየራል። ሁለቱም አይጎዱም። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ትኩሳት ወይም የረጋ ደም ካለ ግን ይታዩ።

2. ብርቱካን በዝንጅብል

• የብርቱካን ጭማቂ፦ ሩብ ብርጭቆ
• የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዝንጅብል
• አምቦ ውሃ፦ እስከ ብርጭቆው አፍ

ዝንጅብሉን ልጠውና ከትፈው በትንሽ ውሃ ያፍሉት፤ ሲቀዘቅዝ አጥልለው ሁለት ማንኪያ ከጭማቂው ጋር ይቀይጡ። ዝንጅብል በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ያቀልላል። ብርቱካን ካልተገኘ ማንጎ ወይም ፓፓያ ፈጭተውና አቅጥነው መጠቀም ይችላሉ።

3. የዕለት ብርዝ በአምቦ

ብርዝ አያቶቻችን ጠጅ ለማይጠጡ ያቀርቡት የነበረ መጠጥ ነው። ሞክቴል ለሚባለውም የቅርብ ዘመዱ ይኸው ነው።

• ማር፦ 1 የሻይ ማንኪያ
• ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ፦ ሩብ ብርጭቆ
• ሎሚ፦ ጥቂት ጠብታ
• አምቦ ውሃ፦ እስከ ብርጭቆው አፍ

ማሩን በለብታው ውሃ ያሟሙት፤ ሰፈፍ ካለው ያጥልሉት። ሲቀዘቅዝ ሎሚውንና አምቦውን ጨምረው ወዲያው ያቅርቡ። ለነገ አያስቀምጡ። ማር በውሃ ሲቀጥን ጌሾ ባይገባበትም በራሱ መፍላት ይጀምራል። በተለይ ጠጅ በተጣለበት ጋን ወይም ገንቦ ውስጥ የተበረዘ ከሆነ እርሾው በዕቃው ላይ ስላለ ፈጥኖ ይቦካል። አምቦ ሳይገባበት በራሱ አረፋ ያወጣ፣ የጠጅ ሽታ ያለው ወይም ያደረ ብርዝ አልኮል እንዳለው ይቁጠሩት።

የፍራፍሬ ጭማቂም ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ማን መጠንቀቅ አለበት?

• የስኳር ታማሚ፦ አንድ ብርጭቆ፣ ያለ ማርና ያለ ስኳር፣ ከምግብ ጋር ይጠጡ። በሎሚ ብቻ የተሠራው ይበልጥ ይመረጣል።

• የኩላሊት ታማሚ፦ ብርቱካንና ሌሎች ፍሬዎች ፖታሲየም አላቸው። ፖታሲየም ወይም ፈሳሽ እንዲቀንሱ ከተነገርዎት አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

• የልብ ድካም ወይም የደም ግፊት ያለበት፦ የማዕድን ውሃ ሶዲየም አለው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ በቀን ብዙ ጠርሙስ አይጠጡ።

• ቃር ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት፦ ጋዝና ሎሚ ሆድ ሊነፉና ቃር ሊያባብሱ ይችላሉ። ፓፓያ ፈጭተው በተራ ውሃ ያቅጥኑ።

• ሕፃናት፦ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ለአራስ ልጅ ማር ማላስም ስለዚህ ይቅር። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። እስከ 2 ዓመት ድረስ ደግሞ ጣፋጭ መጠጥ አይስጡ፤ ትንሿን ሆድ ሞልቶ ምግብ ያስተዋታል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማው ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ማስቆም ነው። ለዚህ የሚጠቅመው ገንፎና እንቁላል እንጂ ጣፋጭ መጠጥ አይደለም።

መድኃኒትዎን በዚህ መጠጥ አይዋጡ

ክኒን የሚዋጠው በተራ ውሃ ነው። በማዕድን ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች በደንብ ወደ ደም እንዳይገቡ ሊያደርግ ይችላል። ግሬፕፍሩት የሚባለው መራራ ፍሬ ደግሞ የአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። እነዚህን የሚወስዱ ከሆነ ግሬፕፍሩት አይጠቀሙ፤ ተራው ጣፋጭ ብርቱካን ይህ ችግር የለበትም።

ይህ መጠጥ የማይተካቸው ሁለት ነገሮች

ተቅማጥ ሲኖር ኦአርኤስ ያስፈልጋል። አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያሟሙ። ጣፋጭ መጠጥ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል፤ አምቦም የጎደለውን ጨው በልኩ አይመልስም።

የስኳር ታማሚ ስኳሩ ወርዶ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበውና ሲደነግጥ ደግሞ ስኳሩ የቀነሰው ይህ መጠጥ አያድነውም። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ አሟሙተው ወይም የኮላ ጠርሙስ ግማሹን ያጠጡት። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይድገሙ፤ ሲነቃ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡ፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም በሰቆጣ ወደሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሂዱ።

• የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰዱ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ወይም ማስመለስ ካላቆመ
• ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ሕፃኑ ዓይኑ ከሰረጎደና መጥባት ካቆመ
• በለስ ከተበላ በኋላ ሆድ ከተነፋ፣ ዓይነ ምድር ከቀረና ከባድ ቁርጠት ካለ
• የስኳር ታማሚ ግራ ከተጋባ ወይም ከደከመ፣ ጠጥቶ ነበር ቢባል እንኳ

በስህተት አልኮል ከጠጡ መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። የጠጡትን ዓይነትና መጠን ለጤና ባለሙያው በግልጽ ይንገሩ፤ ቀጣዩን የሚወስነው እሱን ሲያውቅ ነው።

በዓሉ ሳይደርስ ለድግስ አዘጋጁ አንድ ቃል ያስቀድሙ፦ «አምቦና ሎሚ እኔ አመጣለሁ።» ከዚህ በላይ ማብራራት የለብዎትም።